የኒዮናቶሎጂ ፌሎሺፕ፦ ከማመልከቻው ዝግጅት እስከ መጀመሪያው የሌሊት ተረኝነት

ይህ መመሪያ በአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና ረዚደንሲ (ከሕክምና ምረቃ በኋላ የሚወሰድ የስፔሻሊቲ ሥልጠና) በመከታተል ላይ ለሚገኙና በጽኑ የታመሙ ጨቅላ ሕፃናትን ለማከም የሚያበቃውን የሦስት ዓመት የኒዮናቶሎጂ ፌሎሺፕ (ከረዚደንሲ በኋላ የሚወሰድ የንዑስ ሙያ ሥልጠና) ለሚያስቡ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች የተዘጋጀ ነው። ምክር ፈልገው ከሚደውሉልኝ መካከል ሳይሳካላቸው የሚቀሩት በእውቀት አንሰው አይደለም፤ አብዛኞቹ የሚሰናከሉት ከሦስት ወር በፊት መጠየቅ የነበረበትን ደብዳቤ በመጨረሻው ሳምንት ስለሚጠይቁ፣ ወይም ከአዲስ አበባ መምጣት ያለበትን አንድ ገጽ ወረቀት ስለሚዘነጉ ነው። ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ። ወራቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ብቃትዎንና የቪዛ ዓመታትዎን ያስሉ

የተለመደው መንገድ ኤሲጂኤምኢ (የአሜሪካን የሐኪሞች ድኅረ ምረቃ ሥልጠና የሚመዝነው አካል) እውቅና በሰጠው ፕሮግራም የሦስት ዓመት የሕፃናት ሕክምና ረዚደንሲን ማጠናቀቅ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ከሚገኝ የሕክምና ትምህርት ቤት የተመረቀ ሐኪም በተጨማሪ የኢሲኤፍኤምጂ (በውጭ አገር የተመረቁ ሐኪሞችን ብቃት የሚያረጋግጠው ድርጅት) ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል፤ ረዚደንሲ ላይ ከሆኑ ይህ በእጅዎ አለ።

በኢትዮጵያ የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት ሆነው ረዚደንሲውን ሳይደግሙ በቀጥታ ወደ ፌሎሺፕ ለመግባት ካሰቡ ይጠንቀቁ። አንዳንድ ፕሮግራሞች በልዩ ሁኔታ ሊቀበሉዎት ይችላሉ፤ ነገር ግን ፌሎሺፑን መጨረስና ለቦርድ ፈተና መቀመጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና ቦርድ ለኒዮናቶሎጂ ፈተና ከማስቀመጡ በፊት በአጠቃላይ የሕፃናት ሕክምና የቦርድ ማረጋገጫ መያዝን ይጠይቃል። ውል ከመፈረምዎ በፊት የእርስዎን ሁኔታ ለቦርዱ በጽሑፍ አቅርበው በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ። ከፕሮግራሙ በቃል የተነገረዎትን እንደ ዋስትና አይቁጠሩት።

ቀጥሎ ዓመታቱን ይቁጠሩ። የጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚ) ሐኪም ቪዛ በአጠቃላይ ለሰባት ዓመት ሥልጠና ያገለግላል፤ ሦስት ዓመት ረዚደንሲና ሦስት ዓመት ፌሎሺፕ ስድስት ዓመት ይሆናሉ። በመካከሉ አንድ ዓመት ዋና ረዚደንት ሆነው ካገለገሉ ሰባቱ ዓመታት አለቁ ማለት ነው፤ በሕመም ወይም በወሊድ ምክንያት ሥልጠናው ቢራዘም የሚተርፍ ጊዜ የለም። የኤች-1ቢ (የባለሙያ ሠራተኛ) ቪዛ ጣሪያ ስድስት ዓመት በመሆኑ ከዚህም የጠበበ ነው፤ በዚያ ላይ የዩኤስኤምኤልኢን (የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና) ሦስተኛ ደረጃ ፈተና ማለፍን ይጠይቃል። ሦስተኛውን ፈተና ገና ካልወሰዱ በረዚደንሲው ሁለተኛ ዓመት ይጨርሱት፤ ፈተናው የተጠናቀቀለት አመልካች ቪዛው ምንም ይሁን ምን አንድ ጥያቄ ተቀንሶለት ይቀርባል።

ደረጃ 2፦ ደብዳቤዎቹን ያብስሉ

ማመልከቻው የሚላከው በረዚደንሲው ሦስተኛ ዓመት መጀመሪያ፣ በጁላይ ነው። ስለዚህ ጸሐፊዎችዎ እርስዎን የሚያውቁበት ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። ብዙ ረዚደንቶች ሦስተኛው ዓመት ሙሉ የቀራቸው ስለሚመስላቸው በዚህ ይሳሳታሉ።

1. የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ምድብዎ በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ወይም ከዚያ በፊት እንዲሆን የፕሮግራም ኃላፊዎችዎን ይጠይቁ። በሜይ ወይም በጁን የሚመደቡ ከሆነ ከሌላ ረዚደንት ጋር ይቀያየሩ።

2. ለእያንዳንዱ ፕሮግራም እስከ አራት ደብዳቤ ማቅረብ ይቻላል። አንዱ የረዚደንሲ ፕሮግራም ዳይሬክተርዎ፣ ሁለቱ በሌሊትም በቀንም ሲሠሩ ያዩዎት ኒዮናቶሎጂስቶች፣ አራተኛው የምርምር አማካሪዎ ይሁኑ። ስመ ጥር ሆኖ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ካነጋገረዎት ፕሮፌሰር ይልቅ፣ የ24 ሳምንት ሕፃን በእጅዎ ሲረጋጋ ቆሞ የተመለከተ ወጣት ሐኪም የሚጽፈው ይበልጣል።

3. ሲጠይቁ «ደብዳቤ ይጽፉልኛል?» ብለው አይብቁ። «ጠንካራ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከዘገየ ወይም ከተሸፋፈነ አመስግነው ሌላ ሰው ይፈልጉ። እኛ ባደግንበት ሥርዓት ታላቅን ሰው እንዲህ ማፋጠጥ ድፍረት ይመስላል፤ እዚህ ግን ጸሐፊውንም የሚያሳርፍ ጥያቄ ነው።

4. ለጸሐፊው የትምህርትና የሥራ ታሪክዎን፣ የግል መግለጫዎን ረቂቅ፣ አብራችሁ ያከማችኋቸውን የሁለት ወይም የሦስት ሕፃናት ጉዳይ ያለ ስምና ያለ መለያ ቁጥር በአጭሩ ይስጡት።

5. በማመልከቻ ሥርዓቱ ውስጥ ደብዳቤውን የማየት መብትዎን ይተዉ። መብቱን ያልተወ አመልካች ደብዳቤ ለአንባቢዎቹ ክብደቱ ይቀንስባቸዋል።

ደብዳቤው ካልገባ፦ በየሁለት ሳምንቱ አጭር ማስታወሻ ይላኩ፤ በጁን መጨረሻም ካልገባ ተለዋጭ ጸሐፊ ይጠይቁ። ተለዋጩን ቀደም ብለው በልብዎ ይዘው ይቆዩ።

ደረጃ 3፦ የግል መግለጫውን ይጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። ሕፃናትን ከልጅነትዎ ጀምሮ እንደሚወዱ አይጻፉ። በኢትዮጵያ በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርተው ከሆነ፣ መተንፈሻ መሣሪያ በሌለበት ክፍል ውሃ በሞላ ጠርሙስ የሚሠራውን ሲፓፕ (ግፊት ያለው አየር በአፍንጫ የሚሰጥ የአተነፋፈስ ድጋፍ) እንዴት እንደተጠቀሙበት፣ ኢንኩቤተር ሲያጥር እናትን ከሕፃኗ ጋር ቆዳ ለቆዳ እንዴት እንዳገናኙ፣ ከዚያ ምን ጥያቄ ይዘው እንደወጡ ይጻፉ። ይህን ማንም ሌላ አመልካች ሊጽፈው አይችልም። ከዚያ ጥያቄ ወደሚፈልጉት ምርምር የሚያሸጋግር አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፤ ፌሎሺፑ ቢያንስ አንድ ዓመት የሚሆነውን ጊዜ ለምርምር ስለሚያውል አንባቢዎቹ ይህን አንቀጽ ይፈልጉታል።

ደረጃ 4፦ ፕሮግራሞቹን ይምረጡ

ዝርዝርዎን በሆስፒታሎቹ ዝና አያዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይመልሱ።

በመጀመሪያ ሕፃናቱ ከየት ነው የሚመጡት? በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸው እናቶች የሚወልዱበት ፕሮግራም የማዋለጃ ክፍል ልምድ ይሰጣል። ራሱን የቻለ የሕፃናት ሆስፒታል ደግሞ ቀዶ ሕክምና፣ የልብ ችግርና ኤክሞ (ደምን ከሰውነት ውጭ ኦክስጅን የሚሞላ መሣሪያ) የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት ከሌላ ቦታ ይቀበላል፤ ነገር ግን ሕፃኑ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ የመተንፈሻ ቱቦው ቀድሞ ገብቶለት ነው። ጥሩ ፕሮግራም ሁለቱንም ያፈራርቃል። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ ክፍሎቹን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ደረጃ ይመድባቸዋል፤ አራተኛ ደረጃ ላይ የማይሠሩበት ፌሎሺፕ ቀዶ ሕክምናውን ያሳጣዎታል።

ሁለተኛው ጥያቄ የእጅ ሥራ ነው። ያለ ቱቦ አተነፋፈስን መደገፍ በመስፋፋቱ የመተንፈሻ ቱቦ የማስገባት ዕድል ቀንሷል፤ ያለውንም ዕድል ረዚደንቶች፣ የነርስ ፕራክቲሽነሮችና የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያዎች ይካፈሉታል። «ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች ስንት ጊዜ ቱቦ አስገቡ?» ብለው በቁጥር ይጠይቁ።

ሦስተኛው ቪዛ ነው። ማመልከቻ ከመላክዎ በፊት ለእያንዳንዱ ፕሮግራም አስተባባሪ በኢሜይል ጽፈው የሚቀበሉት ጄ-1 ብቻ እንደሆነ ወይም ኤች-1ቢንም እንደሚጨምር ያረጋግጡ። በገጻቸው ላይ ያለው መረጃ ሊያረጅ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ማመልከቻውን ይላኩ

ማመልከቻው በኢራስ (የረዚደንሲና የፌሎሺፕ ማመልከቻ የሚላክበት የኢንተርኔት) ሥርዓት በኩል ይሄዳል። የመግቢያ ቁጥሩን የሚሰጠው የኢሲኤፍኤምጂ የፌሎሺፕ ሰነዶች ቢሮ ነው፤ ለረዚደንሲ የተጠቀሙበት ቁጥር አያገለግልም። በጁን ተመዝግበው ሰነዶቹን ማስገባት ይጀምሩ፤ ፕሮግራሞች ማመልከቻዎችን ማየት በሚጀምሩበት የጁላይ ቀን የእርስዎ ማመልከቻ ሙሉ ሆኖ ይገኝ።

ለረዚደንሲ የገባው የሕክምና ትምህርት ቤትዎ የውጤት ማስረጃና የዲን ደብዳቤ በራሱ ይሸጋገራል ብለው አይተማመኑ። እያንዳንዱ ሰነድ መግባቱን ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ፕሮግራም መመደቡንም ያረጋግጡ። ደብዳቤው ገብቶ ሳለ ለፕሮግራሙ ስላልተመደበ ብቻ ሳይነበብ የቀረ ማመልከቻ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አመልካቹ ያወቀው በኦክቶበር ነበር። ስምዎ በፓስፖርቱ፣ በዲፕሎማውና በማመልከቻው ላይ ፊደል ለፊደል አንድ መሆኑንም ይመልከቱ፤ የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ስለሚገባ የእኛ ሰው ሰነድ በዚህ ብዙ ይጉላላል።

ከዚህ ሌላ በኤንአርኤምፒ (አመልካቾችንና ፕሮግራሞችን በምርጫቸው በሚያዛምደው አካል) በተናጠል መመዝገብ ያስፈልጋል። ማመልከቻውን መላክ ለምደባው መመዝገብ አይደለም። የሕፃናት ሕክምና ንዑስ ሙያዎች ምደባ ምዝገባ በኦገስት መጨረሻ አካባቢ ይከፈታል፤ በተከፈተበት ሳምንት ይመዝገቡ።

ደረጃ 6፦ ቃለ መጠይቁ

አብዛኛው በቪዲዮ የሚካሄድ በመሆኑ መብራቱን፣ ድምፁንና የሰዓት ቀጠናውን ከአንድ ቀን በፊት ይፈትሹ። ሦስት ነገሮችን አፍዎ ላይ ያዘጋጁ፦ የተሳሳቱበትን አንድ ጉዳይና ከዚያ በኋላ የለወጡትን አሠራር፣ ምርምርዎን ለሌላ ሙያ ሰው በሁለት ደቂቃ፣ እንዲሁም ከአንድ ቤተሰብ ጋር ሕክምናን ስለማቆም የተነጋገሩበትን ሁኔታ። የመጨረሻው በተለይ አይቀርም። ትሕትናችን «ቡድኑ ነው የሠራው» እያሰኘን የራሳችንን ድርሻ እንድንውጥ ያደርገናል፤ «እኔ ይህን ወሰንኩ፣ በዚህ ምክንያት» ብለው ይናገሩ።

ከፌሎዎቹ (በሥልጠናው ላይ ካሉት ሐኪሞች) ጋር ብቻዎን የሚነጋገሩበትን ሰዓት በጥንቃቄ ይጠቀሙበት። በምርምር ወራት ምን ያህል ሌሊት ተረኛ እንደሚሆኑ ይጠይቁ፤ የፕሮግራሙ እውነተኛ ባሕርይ የሚታየው በዚህ መልስ ላይ ነው።

ደረጃ 7፦ የምርጫ ዝርዝሩን ያስገቡ

ፕሮግራሞቹን በምርጫዎ ቅደም ተከተል የሚያስቀምጡበት ዝርዝር የሚዘጋው በኖቬምበር ሲሆን ውጤቱ በኖቬምበር መጨረሻ ወይም በዲሴምበር መጀመሪያ ይወጣል። ምደባው የሚሠራው ከአመልካቹ ምርጫ ተነሥቶ ነው፤ ስለዚህ «እነዚህ ይፈልጉኛል» በሚል ግምት ሁለተኛ ምርጫዎን አንደኛ ማድረግ አንዳችም ጥቅም የለውም፤ ጉዳት ግን አለው። በእውነት የሚፈልጉትን ከላይ ያስቀምጡ። ፈጽሞ መሄድ የማይችሉበትን ፕሮግራም ደግሞ አያስገቡ፤ ውጤቱ ግዴታ ነውና በራስ ፈቃድ ብቻ መተው አይቻልም። ዝርዝሩን ካስተካከሉ በኋላ ማጽደቂያውን መጫንዎን ያረጋግጡ፤ ያልጸደቀ ዝርዝር እንዳልገባ ይቆጠራል።

ሳይመደቡ ከቀሩ፦ በውጤቱ ቀን ያልሞሉ ፕሮግራሞች ዝርዝር ለአመልካቾች ይወጣል። በዚያው ዕለት ለፕሮግራም ዳይሬክተሮቹ በቀጥታ ይጻፉ፤ የረዚደንሲ ዳይሬክተርዎም ስልክ እንዲደውሉልዎ ይጠይቁ። የሚላከው መልእክት አራት ዓረፍተ ነገር ይሁን፤ ማመልከቻዎን ያያይዙ፤ የቪዛ ሁኔታዎን አይደብቁ። ይህን መልእክት ዝርዝሩ ከመውጣቱ ከአንድ ሳምንት በፊት ጽፈው ያስቀምጡት፤ በዚያ ቀን ለመጻፍ ልብ አይኖርዎትም።

ደረጃ 8፦ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወረቀት

ብዙ ጊዜ የምቆየው እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ከተመደቡ በኋላ የሚቀር ሰው ሳይ እጅግ ያሳዝነኛል። በጄ-1 ቪዛ የሚሠለጥን ሐኪም የዜግነት አገሩ ወይም የመጨረሻ ቋሚ መኖሪያ አገሩ የጤና ሚኒስቴር የሚጽፍለት ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ደብዳቤው አገሪቱ በዚያ የሙያ ዘርፍ የሠለጠነ ሐኪም እንደሚያስፈልጋትና ሐኪሙ ተመልሶ ለማገልገል ቃል እንደገባ ይገልጻል።

1. ለረዚደንሲ ያወጡት ደብዳቤ «የሕፃናት ሕክምና» ስለሚል ለፌሎሺፑ አያገለግልም። አዲሱ የንዑስ ሙያውን ስም በትክክል መያዝ አለበት።

2. የደብዳቤውን ቃል ስፖንሰሩ፣ ማለትም ኢሲኤፍኤምጂ፣ አስቀድሞ አዘጋጅቶታል። ያንን ቃል አትመው ለሚኒስቴሩ ያቅርቡ፤ «በዚህ መልክ ይጻፍልኝ» ብለው በትሕትና ያስረዱ። በራስ ቃል የተጻፈ ደብዳቤ፣ ይዘቱ አንድ ቢሆንም፣ ሊመለስ ይችላል።

3. በአዲስ አበባ ጉዳዩን የሚከታተልልዎ ሰው ይምረጡ፤ ውክልና ሊጠየቅ ስለሚችል በቅድሚያ ያዘጋጁለት። ከማመልከቻው ወር ጀምሮ የሚያስፈልጉትን ማስረጃዎች እንዲያጣራ ያድርጉ።

4. ውጤቱ በወጣ ማግስት ጥያቄውን ያስገቡ። በጃንዋሪ የገና በዓል በ7ኛው፣ ጥምቀት በ19ኛው ወይም በ20ኛው ቀን ስለሚውሉ ጉዳዩ ወደዚያ ከተጠጋ ሳምንታት ይባክናሉ።

ደብዳቤው ቢዘገይ፦ ዝም ብለው አይጠብቁ። የፌሎሺፑን የቪዛ አስተባባሪ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የሥልጠናው መጀመሪያ ቀን በጥቂት ሳምንታት ሊገፋ የሚችል መሆኑን ቀድመው ይጠይቁ። ደብዳቤው ስሕተት ይዞ ከመጣ ወደ ስፖንሰሩ ከመላኩ በፊት እንዲታረም ያድርጉ፤ ስለዚህ ጉዳዩን የሚከታተልልዎ ሰው ፊርማው ከማረፉ በፊት ረቂቁን ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ።

በረዚደንሲውና በፌሎሺፑ መካከል ባሉት ቀናት ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ ካሰቡ ደግመው ያስቡበት። አዲሱ የጄ-1 ሰነድ በእጅዎ ሳይገባና የኤምባሲ ቀጠሮውን ሳያሰሉ ከወጡ ጁላይ 1 ላይ በቦታዎ ላይገኙ ይችላሉ። የክፍለ ግዛቱን የሥልጠና ፈቃድም በዚሁ ወቅት ይጀምሩ፤ ወራት ይፈጃል።

ደረጃ 9፦ ለመጀመሪያው የሌሊት ተረኝነት ይዘጋጁ

ፌሎሺፑ ከተጀመረ በኋላ መጀመሪያ የሚያደናግጠው ብቻዎን የሚቆሙበት ሌሊት ነው። ከዚያ ሌሊት በፊት የክፍሉን መሣሪያዎች በእጅዎ ይንኩ፤ የድንገተኛ ጋሪውን መሳቢያዎች ይክፈቱ፤ የእምብርት ካቴተሩ የት እንዳለ በዓይን ሳይሆን በእጅ ይወቁ።

እነዚህን ቁጥሮች በቃል ይያዙ፤ የክፍልዎ ፕሮቶኮል ከተለየ ግን ፕሮቶኮሉን ይከተሉ። ከ1 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ሕፃን የቱቦው የውስጥ ስፋት 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም 3.0፣ ከ2 በላይ 3.5 ነው። የቱቦው ጥልቀት ከከንፈር ሲለካ በግምት የሕፃኑ ክብደት በኪሎ ግራም ሲደመር 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ክብደታቸው እጅግ ዝቅተኛ በሆኑት ሕፃናት ግን ይህ ስሌት ቱቦውን ጠልቆ እንዲገባ ሊያደርግ ስለሚችል በራጅ ያረጋግጡ። በአንጎል የኦክስጅን እጥረት ለተጎዳ ሕፃን ማቀዝቀዣ ሕክምናው በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ሙቀቱ 33.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለ72 ሰዓት ይያዛል። ስለዚህ ከሌላ ሆስፒታል ሲደወልልዎ መጀመሪያ የሚጠይቁት የተወለደበትን ሰዓት ነው።

ቱቦው በ30 ሰከንድ ካልገባ፦ ያቁሙ፤ ወደ ማስክ ይመለሱ፤ ሕፃኑ ሲያገግም ቦታውን፣ መጠኑን ወይም አስገቢውን ሳይቀይሩ ደግመው አይሞክሩ። ክብደቱ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ከሆነ የጉሮሮ ማስኩን (በጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ የአየር መተላለፊያ) ያስቡ።

መተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለ ሕፃን ሁኔታው በድንገት ከተባባሰ በዚህ ቅደም ተከተል ይመርምሩ፦ ቱቦው ወጥቷል ወይስ ጠልቆ ገብቷል? ተደፍኗል? በሳንባው ዙሪያ አየር ተጠራቅሟል? መሣሪያው ተበላሽቷል? ደረቱን በብርሃን ማየት ራጅ ከመጠበቅ ይፈጥናል።

አለቃዎን ለመጥራት አያመንቱ። «ያዩኝ ይሆን፣ አያውቅም ይሉኝ ይሆን» የሚለው ሐሳብ በእኛ ዘንድ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ክፍል የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። ሲደውሉ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚፈልጉትን ይናገሩ፦ «እንዲመጡ እፈልጋለሁ»። ታሪኩ ከዚያ ይቀጥላል።

ደረጃ 10፦ የምርምር ኮሚቴውን በጊዜ ያቋቁሙ

ቦርዱ ለእያንዳንዱ ፌሎው ሦስት ወይም ከዚያ በላይ አባላት ያሉት የምርምር ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ይጠይቃል፤ ቢያንስ አንዱ ከንዑስ ሙያው ውጭ መሆን አለበት፤ የፕሮግራሙ ዳይሬክተርም ድምፅ ያለው ቋሚ አባል ባይሆን ይመረጣል። በመጨረሻ በጽሑፍ የሚቀርብ ሥራ ይጠበቃል፤ የታተመ ጽሑፍ፣ ዝርዝር የጥናት ጽሑፍ ወይም የድጋፍ ገንዘብ ማመልከቻ ሊሆን ይችላል።

አማካሪዎን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ይምረጡ። ሲመርጡ ርእሱን ሳይሆን ከዚህ በፊት ስንት ፌሎዎችን እስከ ኅትመት እንዳደረሰ ይመልከቱ። የሥነ ምግባር ፈቃዱን በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ያስገቡ። መረጃው ቀድሞ የተሰበሰበበት አንድ አነስተኛ ጥናት በጎን ይያዙ፤ ዋናው ጥናት በላቦራቶሪ ችግር ወይም በታማሚዎች ቁጥር ማነስ ቢቆም በዚህ ይተርፋሉ። እስከ ሁለተኛው ዓመት አጋማሽ መረጃ መሰብሰብ ካልተጀመረ ኮሚቴውን አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተው ጥናቱን ያጥብቡ እንጂ አያራዝሙ።

በየፌብሩዋሪው የሚሰጠውን የሥልጠና ውስጥ ፈተና እንደ መለማመጃ ሳይሆን እንደ መመርመሪያ ይያዙት፤ ደካማ ሆነው የታዩባቸውን ምዕራፎች በዚያው ወር ወደ ንባብ ዕቅድዎ ያስገቡ። የቦርዱ ፈተና በየሁለት ዓመቱ የሚሰጥ በመሆኑ የምዝገባ ቀን ካመለጠዎት የሚጠብቁት ሁለት ዓመት ነው። በጄ-1 ላይ ከሆኑ ደግሞ በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ፣ ወደ አገር ለሁለት ዓመት መመለስን ወይም እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በዓመት እስከ 30 ሐኪሞችን በሚደግፍበት መርሐ ግብር የሐኪም እጥረት ባለበት ቦታ ሦስት ዓመት ማገልገልን ይወስኑ፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ቅድሚያውን ለጠቅላላ ሕክምና ስለሚሰጡ፣ ኒዮናቶሎጂስት የሚቀበሉትን ለይተው የሥራ ቅጥሩን ውል ማመልከቻው ከሚከፈትበት ቀን በፊት ያስፈርሙ።